የታሰረ መኪና የተሰበረ መኪና አይደለም

በመሥሪያ ቤታችሁ ግምጃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና አቧራ ለብሶ ቆሞ አይታችሁ ይሆናል። እርሱም ለቤት ሥራ የሚሆነው ትንሹ መኪና ሳይሆን፥ የደንብ ልብስ፥ ድንኳን፥ ጫማና የፈረስ ዕቃ ለመስፋት የተሠራው ከባዱ የፋብሪካ መኪና ነው። የንብረት ቈጠራ ኮሚቴ በመጣ ጊዜ ከአባላቱ አንዱ እጁን ወደ መንኰራኵሩ ይሰዳል፤ ሊያዞረው ይሞክራል፤ መንኰራኵሩም እንደ ዐለት ጸንቶ እንቢ ይለዋል። ያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ «የተበላሸ፤ ለአገልግሎት የማይውል» የሚል ቃል ይጻፋል። መኪናውም በኪሎ ተመዝኖ ለቍርጥራጭ ብረት ገዢ ይሸጣል።

እኛ ግን ዛሬ ልናስረዳ የምንወደው ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መሆኑን ነው። መሰበርና መታሰር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። የተሰበረ መኪና አካሉ የጐደለ ነው፤ የታሰረ መኪና ግን አካሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ መንቀሳቀስ የተሳነው ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ መኪናው እንዴት እንደ ተሠራ፥ በምንስ እንደ ታሰረ ታሪኩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የስፌት መኪና የአንድ ሰው ብቻ ፈጠራ አይደለም። ባርተለሚ ቲሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ በ1830 ዓ.ም. ለመኪናው የመብት ወረቀት ተቀበለ፤ ነገር ግን በ1831 ዓ.ም. እንጀራችን ሊቀር ነው ብለው የፈሩ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ተሰብስበው መኪናዎቹን ሰባበሩበት። በአሜሪካ ኤልያስ ሃው በመስከረም ወር 1846 ዓ.ም. የመብት ወረቀት አገኘ። የሃው መኪና ቀዳዳዋ በጫፏ በኩል የሆነ መርፌ ነበረው፤ የታችኛውን ክር የሚያሳልፈውም እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ መሣሪያ ነበር። ከእነዚህ በኋላ የመጣው አይዛክ ሲንጀር ነው። እርሱም በ1851 ዓ.ም. ያወጣው መኪና መርፌው ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጣና የሚወርድ፥ ጨርቁም በአግድም ገበታ ላይ የሚዘረጋ ነበርና ለከባድ ሥራ የተመቸ ሆነ።

ሲንጀር ራሱ ከጊዜ በኋላ ስለዚህ መኪና የተናገረው አንድ ታሪክ አለ፤ ለዛሬው ጕዳያችን እጅግ ይስማማል። በቦስተን ከተማ በኦርሰን ፌልፕስ የሥራ ቤት፥ በ40 ዶላር ገንዘብ፥ ሌሊትና ቀን ሳይሉ 11 ቀን ሠርተው መኪናውን ገጣጠሙት። በመጨረሻው ምሽት ሲሞክሩት ግን አልሰፋ አለ። ሠራተኞቹ ሥራው ከንቱ ሆነ ብለው አንድ በአንድ ሄዱ። ሲንጀርና ባልንጀራው ጆርጅ ዚበርም እኩለ ሌሊት ሲሆን ተስፋ ቈርጠው ወጡ፤ በመንገድም በተከመረ ሳንቃ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ሳሉ ዚበር፥ «በጨርቁ ላይኛ ገጽ ክሩ ላልቶ ይቀለበስ ነበር» ብሎ ተናገረ። ሲንጀርም የላይኛውን ክር የሚወጥረውን ክፍል ማስተካከል መርሳታቸው ወዲያው ታወሰው። ተመልሰው ያን አንድ ነገር ብቻ አስተካከሉ፤ መኪናው አምስት ፍጹም የሆኑ ስፌቶች ሰፋ፤ ከዚያ ክሩ ተበጠሰ። ለእነርሱ ግን አምስቱ በቂ ነበሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያች ሌሊት የሄዱት ሠራተኞች «ሞቷል» ብለው የፈረዱበት መኪና የጐደለው አንዲት ትንሽ ማስተካከል ነበረች። የስፌት መኪና ባሕርይ ይህ ነው፤ ትንሽ ነገር ያቆመዋል፥ ትንሽ ነገርም ያስነሣዋል።

ቀጥሎ የምንመለከተው ክፍሎቹ እንዴት እርስ በርሳቸው እንደ ተጋጠሙ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የጠመንጃ ፋብሪካዎች የአንዱ ጠመንጃ ክፍል በሌላው ላይ ያለ ሞረድ እንዲገጥም አድርገው መሥራትን ተምረው ነበር። ዊለርና ዊልሰን የተባለው የስፌት መኪና ኩባንያ ይህን አሠራር በ1857 ዓ.ም. ተቀበለ። የሲንጀር ኩባንያ ግን እስከ 1880ዎቹ ዓመታት ድረስ በሰው እጅና በሞረድ ማጋጠምን አልተወም። በ1853 ዓ.ም. 810 መኪና ብቻ ይሸጥ የነበረው ይህ ኩባንያ በ1870 ዓ.ም. 127,833 በሸጠ ጊዜ እንኳ አጋጣሚው ሠራተኛ ሞረዱን ይዞ ገበታው ላይ ነበር።

የአሠራሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ክፍሎቹ ገና ለስላሳ ሳሉ በሞረድ እየተላጉ ይጋጠማሉ፤ በእያንዳንዱም ላይ የመኪናው ቍጥር ይመታበታል። ከዚያ ተፈታትተው በእሳት ይጠነክራሉ። ከእሳት ሲወጡም በቍጥራቸው ተፈልገው ወደ ቀድሞ ጓደኞቻቸው ይመለሳሉ። እያንዳንዱ ዘንግ የራሱ ቀለበት፥ እያንዳንዱ ብሎን የራሱ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። የኋለኞቹ መኪናዎች ይህን ያህል ጥንድ ለጥንድ የተሳሰሩ ባይሆኑም፥ ብዙ ዘመን አብረው የሠሩ ሁለት ብረቶች ተፋግተው አንዱ የሌላውን ቅርፅ ይይዛሉና በመጨረሻው እነርሱም እንደ ተጋቡ ይቈጠራሉ። ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚፈታ ሰው የፈታውን ሁሉ በየጥንዱ ለይቶ ማኖር ይገባዋል።

በስኮትላንድ አገር በግላስጎው አጠገብ ክላይድባንክ በምትባለው ስፍራ የሲንጀር ኩባንያ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ኪልቦዊ የተባለውን ታላቅ ፋብሪካ ሠራ። በ1913 ዓ.ም. ይህ ፋብሪካ 14,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ በዚያ ዓመት 1.3 ሚሊዮን ያህል መኪና ወደ ዓለም ሁሉ ሰደደ። ከመኪናዎቹ ዓይነት ቍጥር ቀጥሎ «ኬ» የሚለውን ፊደል ያየ ሰው የኪልቦዊ ልጅ መሆኑን ያውቃል። ጫማ ሰፊዎችና የቈዳ ሠራተኞች የሚወዱት 29 ኬ የተባለው መኪና ከዚያ የወጣ ነው። ክንዱ ረዥምና ቀጭን ስለ ሆነ ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ጨርቁን ወይም ቈዳውን የሚስበውም እግር ዙሪያውን ሊዞር ይችላልና ሰፊው ዕቃውን ሳያዞር ወደ ፈለገው አቅጣጫ ይሰፋል።

የኪልቦዊ ፋብሪካ ዛሬ የለም። ከሩቅ ይታይ የነበረው ታላቅ ሰዓቱ በ1963 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ፋብሪካውም በ1980 ዓ.ም. ተዘጋ። በስፍራው የቀረው የባቡር ጣቢያው ስም ነው፤ ጣቢያው እስከ ዛሬ «ሲንጀር» ይባላል። ይህን የምንነግራችሁ ለትዝታ ብቻ አይደለም። የሲንጀር ብሎኖች ጥርሳቸው በገበያ ከሚገኘው ብሎን ጋር የማይገጥም የራሱ የኩባንያው ልክ ነበር። እንግዲህ ፋብሪካው በተዘጋ መኪና ላይ አንዲት ብሎን በጕልበት የሰበረ ሰው ምትክ ሊያገኝ የሚችለው ከሌላ አሮጌ መኪና ላይ ብቻ መሆኑን ይወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። መኪናውን የሚያስረው ምንድን ነው? ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ክር፥ የደረቀ ዘይትና ዝገት።

ክር ከሁሉ የቀለለው ነው። የተበጠሰ ክር ከመንጠቆው ወይም ከመወርወሪያው ኋላ ይገባና በተጠቀለለ ቍጥር እየጠበቀ መኪናውን ያቆመዋል። ጫፉ ስለማይታይ ብዙ ሰው አያስበውም።

ሁለተኛው የደረቀ ዘይት ነው፤ ከሁሉ የሚበዛውም እርሱ ነው። ይህን ለመረዳት እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲያሟሹ የሚያደርጉትን ማስታወስ ይበቃል። የጐመን ዘር ተወቅጦ በጋለው ምጣድ ላይ ሲታሽ ቅባቱ ከአየርና ከሙቀት ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፤ ጥቍርና ልሙጥ ቆዳ ሆኖ ከምጣዱ ጋር ይጣበቃል። በስፌት መኪና ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በምጣዱ በአንድ ቀን የሚሆነው በመኪናው በብዙ ዓመት መሆኑ ነው። የተልባና የኑግ ዘይት እንደነዚህ ያሉ ደራቂ ዘይቶች ናቸው። የመኪና ዘይት አጥቶ የወጥ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሰው መኪናውን ያለሰለሰ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን እያሟሸው ነው።

ጥንት መኪናዎች የሚቀቡት በእንስሳትና በዕፀዋት ዘይት ነበር። ከእነዚህ መካከል ቶሎ የማይደርቅ ነው ተብሎ የተመሰገነው ስፐርም ከተባለው ዓሣ ነባሪ የሚገኘው ዘይት ነበር። በ1859 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት በታይተስቪል ከተማ የነዳጅ ጕድጓድ ከተቈፈረ በኋላ ከምድር የሚወጣው ዘይት እየተጣራ ስፍራውን ያዘ። ዛሬ ለስፌት መኪና የሚሸጠው ቀጭኑና ነጩ ዘይት የዚህ ዘር ነው። እርሱም ቢሆን ከአቧራ፥ ከጨርቅ ብናኝና ከቈዳ ትቢያ ጋር ተቀላቅሎ ለብዙ ዓመት ከተተወ ይጠነክራል።

ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ መልካም ዜና አለ። ያ የደረቀ ዘይት መኪናውን ያሰረው ያህል ጠብቆታል። አየርና እርጥበት ወደ ብረቱ እንዳይደርሱ መጋረጃ ሆኖ ቆይቷልና፥ ቅርፊቱ ሲወገድ ከሥሩ የሚያበራ ብረት ብዙ ጊዜ ይገኛል። በውጭ ያረጀ መኪና በውስጡ ጤነኛ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዝገት ነው፤ እርሱ የከፋው ነው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ስፍራ ይይዛል። ዘንጉና ዘንጉ የሚያልፍበት ቀለበት በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከራስ ጠጕር ውፍረት ያነሰ ነውና፥ በዚያ ክፍተት ዝገት በገባ ጊዜ ሁለቱ እንደ ተሸነቈረ ጕድፍ ተጣብቀው ይቀራሉ። ቢሆንም ዝገቱ ጥልቅ ካልሆነ እርሱም ይፈታል።

ማሰሪያውን ካወቅን አፈታቱን በቅደም ተከተል እንናገር።

አንደኛ፥ መኪናው ከኤሌክትሪክ መነቀል፥ ቺንጋውም ከመንኰራኵሩ ላይ መውረድ አለበት። ይህ ለሠራተኛው ደኅንነት ነው፤ ደግሞም የታሰረው መኪናው ይሁን ሞተሩ ለይቶ ለማወቅ ይረዳል። ከዚያ በኋላ በመንጠቆው ዙሪያና ከመንኰራኵሩ ኋላ የተጠመጠመ ክር መኖሩ ይመርመር፤ ቢገኝ በስለታም ምላጭ ተቈርጦ በወረንጦ ይውጣ።

ሁለተኛ፥ አቧራውና የተጋገረው እድፍ በብሩሽ ይጠረግ፤ አለዚያ የሚጨመረው ፈሳሽ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ በየዘይት ቀዳዳውና ብረት ከብረት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ሁሉ ላምባ ጥቂት ጥቂት ይንጠባጠብ። ላምባ ቀጭን ስለ ሆነ በጠባብ ክፍተት ይሾልካል፤ የደረቀውንም ዘይት ያላላል። ሥራው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ፥ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ይደረግ።

ሦስተኛ፥ መጠበቅ ነው። ይህ በጽሑፍ አንድ ቃል ነው፥ በሥራ ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው። ላምባው ሌሊቱን ይደር፤ በማግሥቱ እንደገና ይጨመር፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በየቀኑ መንኰራኵሩን በእጅ ብቻ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ መነቅነቅ ይገባል። የምንሻው መዞር አይደለም፤ የጸጕር ያህል መነቃነቅ ነው። ያ ከተገኘ ላምባው የሚገባበት በር ተከፈተ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል።

አራተኛ፥ መንኰራኵሩ እስከ ጥቂት ቀን እንቢ ካለ የትኛው ክፍል እንደ ታሰረ ለብቻው መፈለግ ነው። በስፌት መኪና ውስጥ ሁሉም በአንድ ዘንግ የተያያዘ ነውና አንዱ ሲታሰር ሁሉም የታሰረ ይመስላል። ብልህ ዳኛ ምስክሮችን አንድ ላይ አይጠይቅም፤ ለየብቻ ያቀርባቸዋል እንጂ። እንዲሁም መርፌ ተሸካሚው ዘንግ፥ ጨርቅ የሚጫነው እግር፥ መንጠቆውና ጨርቅ ገፊው ጥርስ እየተለያዩ ይፈተኑ። ነገር ግን መርፌ ተሸካሚውን ዘንግ የያዘው ብሎን ከመላላቱ አስቀድሞ ዘንጉ የነበረበት ከፍታ በቀጭን ምልክት ይታወቅ፤ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢዛነፍ መንጠቆው የክሩን ቀለበት ሊስት ይችላልና። በ29 ኬ መኪና ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ዙሪያውን የሚዞረው ራስና በቀጭኑ ክንድ ጫፍ ያለው ትንሽ መወርወሪያ። የቈዳ ትቢያና አሮጌ ዘይት የሚጋገሩት በእነርሱ ላይ ነውና።

አምስተኛ፥ ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ስፋቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ ትንሽ በሚበልጥ ይሰፋል። ይህ ቍጥር ኢምንት ይመስላል፤ ዳሩ ግን በዘንጉና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ከዚህ የማይርቅ ነው። ስለዚህ ጠጕር በሚያደርቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀለበቱን በዙሪያው እኩል ማሞቅ፥ ሲበርድም እንደገና ዘይት መጨመር ይጠቅማል፤ እየሰፋና እየጠበበ ሲሄድ ቅርፊቱ ይሰነጠቃልና። ላምባ የነካው ስፍራ ግን ሳይጠረግና ሳይደርቅ ከቶ አይሞቅ፤ ራቁት እሳትም አይቅረብ።

ስለ ብሎንም አንድ ቃል እንጨምር። የካቻቢቴው ጫፍ የብሎኑን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሊሞላ ይገባል፤ ቀጭን ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይገምጠዋል። ብሎኑ እንቢ ካለ ካቻቢቴውን በስንጥቁ አቁሞ በመዶሻ ቀለል አድርጎ መምታት፥ ከዚያም ከመፍታት በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቅ ማዞር የቈየ የባለሙያ ዘዴ ነው። የተጣበቀው መጀመሪያ ይላቀቃል፤ ከዚያም ወደ መፍታት ይታዘዛል።

ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ጕልበት ነው። የመኪናው አካል ቀልጦ በቅርፅ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ይህም ብረት ሸክም ይችላል፥ ምት ግን አይችልም። በመዶሻ የተመታ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ተመልሶም በደኅና አይበየድም። መንኰራኵሩን በረዥም ብረት ያዞረ ሰው ቀጭኑን ዘንግ ያጣምማል ወይም ጥርሱን ይሰብራል። ያን ጊዜ ታስሮ የነበረው መኪና በእውነት የተሰበረ ይሆናል። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለም? እዚህ ግን የፈሰሰውን መልቀም እንኳ አይቻልም።

ሁለተኛው ስሕተት መፍቻን ከማለስለሻ ጋር ማሳሳት ነው። በ1953 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሳንዲያጎ ከተማ ሮኬት ኬሚካል የተባለ ኩባንያ ብረትን ከዝገት የሚጠብቅ ፈሳሽ ሠራ፤ አትላስ የተባለውን ሚሳይል ሽፋን ለመጠበቅም አገለገለ። ስሙ ደብልዩ ዲ 40 ይባላል፤ ፊደሎቹ ውኃን ማባረርን፥ ቍጥሩ የተሳካውን 40ኛ ሙከራ ያመለክታሉ። ይህ ፈሳሽና ላምባ የታሰረውን በማላላት ያግዛሉ፤ ዘወትር ለሚሠራ የስፌት መኪና ግን ምግብ አይሆኑም። ላምባ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ብረቱን ደረቅ አድርጎ ይተወዋልና፥ መኪናው እንደ ተፈታ እድፉ ተጠርጎ በየቀዳዳው እውነተኛ የስፌት መኪና ዘይት ሊገባለት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቍር ሆኖ የሚወጣው ዘይት የአሮጌው እድፍ ቅሪት ነው፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በእጅ እየተዞረ ይቀባ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከሞተሩ ጋር ይገናኝ።

ሦስተኛው ስሕተት ከዐይን ደስታ የሚመጣ ነው። በአሮጌ መኪናዎች ላይ ያለው የወርቅ ቀለም ጽሕፈትና ሐረግ የሚጠበቀው ብዙ ጊዜ በሼላክ ቨርኒሽ ነው። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። መኪናውን ላስውብ ብሎ በአልኮል የጠረገው ሰው ጌጡን አብሮ ይጠርገዋል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ እናንተ ካቻቢቴ የምትይዙ ሳትሆኑ ብዕር የምትይዙ ናችሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ጕዳይ የብዕር ጕልበት ከመዶሻ ጕልበት አያንስም። በአንድ ፊርማ ለቍርጥራጭ የሚሸጥ መኪና በአንድ ሳምንት ትዕግሥትና በጥቂት ላምባ ተነሥቶ የአንድ ልብስ ሰፊን ቤተ ሰብ ሊያበላ፥ የአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ሊያስተምር ይችል ይሆናል። የሚታሰር ሁሉ ይፈታል አንልም፤ ዝገት ልቡን የበላው፥ አካሉ የተሰነጠቀ መኪናም አለና። እኛ የምንለው ሳይመረመር አይፈረድበት ነው።

ስለዚህ የቈጠራው መዝገብ ሲቀርብላችሁ «የተበላሸ» የሚለውን ቃል ከመፈረማችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፤ «ተሰብሯል ወይስ ታስሯል?» የመለሰላችሁ ሰው መልሱን ካላወቀ ላምባ ይጨምርበትና ሦስት ቀን ቆይቶ ይምጣ። ኪልቦዊ ዳግመኛ መኪና አትሠራም፤ የሠራችው ግን በአቧራ ውስጥ ሆኖ የሚፈታው ሰው ይጠብቃል።